የጅማ ሙዚየም ለሥዕል መምህራን፦ ከጓደኛ ጋር ቢታይ ይሻላል

እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች ያሉበት ይህ ሙዚየም ለሥዕል መምህር ትልቅ ሀብት ነው። 3 ወይም 4 ሆናችሁ ግቡ፤ ሰው ሲበዛ ከኋላ ያለው የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው።

ለዕይታ የቀረቡት የእንጨት መቀመጫዎች ፊት ቆዩ። 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ፣ በእርሳስ ንደፉ፣ ከዚያ ንድፎቻችሁን ጎን ለጎን አስተያዩ። ሠዓሊው የመቀመጫውን እግር ጉብጠት ሲይዝ፣ እንጨት የሚያውቅ ጓደኛው የመጥረቢያውን ዱካ ያሳየዋል፤ ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ሳይገጣጠም ከአንድ ግንድ መጠረቡም ያኔ ይገባል። ተማሪን «ምን አየህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መታገስ የሚለመደው እንዲህ ነው።

ገለጻ ከቀደመ ግን ሁሉም የሰማውን ይስላል፤ አስጎብኚውን ከንድፉ በኋላ ጠይቁት። ጅሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በጠዋት እዩት፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን የእንጨት ሥራውን ያጎላዋል።