ለናፍጣ ሚኒባስ የዘይት ግፊት መቆጣጠሪያ ሲመረጥ፦ መብራት፣ ጌጅ ወይስ ጩኸት?

በተለምዶ ዶልፊን ወይም አባዱላ እየተባሉ በሚጠሩት የቶዮታ ሃይስ ሚኒባሶች ዳሽቦርድ ላይ ስለ ዘይት ግፊት የምትናገረው አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ናት። መብራቷን የሚያዝዛት ሞተሩ ላይ የታሰረ ስዊች ሲሆን፣ የሚያበራትም ግፊቱ ወደ ግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ወይም ከዚያም በታች ሲወርድ ነው። ከሃይስ የናፍጣ ሞተሮች አንዱ የሆነው የ5ኤል ሞተር የጥገና መመሪያ ግን በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ከ245 እስከ 588 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 6 ባር ገደማ ግፊት ይጠይቃል። ስለዚህ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሙሉ ተሳፋሪ ጭኖ የሚወጣ ሚኒባስ ግፊቱ 1 ባር ላይ ወርዶ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ በዘይት ላይ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) እየተበላ እንኳ መብራቷ አትበራም። በበራች ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ደርሷል።

የ1ኬዲ እና የ2ኬዲ ሞተር (እነዚህም የሃይስ የናፍጣ ሞተሮች ናቸው) ባለቤቶች ለዚህ ጉዳይ ከሌላው የበለጠ ሊጨነቁ ይገባል። በእነዚህ ሞተሮች ናፍጣ የሚረጨው የኢንጀክተር መቀመጫ ማሸጊያ ሲያፈስ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ከዚያም የሚጠራቀመው ጥላሸት ከታች ዘይት የሚሳብበትን ወንፊት ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። ግፊቱ የሚወርደው በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንታት ስለሆነ፣ ይህን አካሄድ ሊያሳይ የሚችለው ቁጥር ያለው ጌጅ ብቻ ነው። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው በስልክ የሚነበቡ የኦቢዲ መሣሪያዎችም እዚህ ላይ አይረዱም፤ መኪናው ራሱ ያለው ስዊች እንጂ ግፊት የሚለካ ሴንሰር ስላልሆነ የሚያነቡት ነገር የለም።

ከጌጆች መካከል ሜካኒካሉ በመርፌው እውነተኛነት የሚታማ አይደለም፤ ዘይቱ ራሱ በቀጭን ቱቦ መጥቶ ይገፋዋልና ኤሌክትሪክም ሆነ ሴንሰር አይፈልግም። እንከኑም ያው ቱቦ ነው። የፈላ ዘይት በግፊት ሹፌሩ እግር ሥር ድረስ ስለሚያመጣ፣ ቱቦው በንዝረት ወይም በመፋተግ ቢቀደድ የሚከተለው ቃጠሎና የዘይት ማለቅ ነው። በእኔ እምነት ሜካኒካል ጌጅ ቦታው ጋራዥ ነው፤ ለመለካት ይታሰራል፣ ተለክቶ ይፈታል።

የኤሌክትሪኩ ጌጅ ይህ አደጋ የለበትም፤ የገዢውን ጥንቃቄ ግን ይሻል። እኔ በመጀመሪያ የገዛሁት ጌጅና ሴንሰሩ ከአንድ መደርደሪያ ላይ የተነሡ ቢሆኑም የማይተዋወቁ ነበሩ። ቁልፉን ዞር ሳደርገው፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ፣ መርፌው ጥግ ድረስ ሄዶ ተለጠፈ፤ ሞተሩን አስነሥቼ ነዳጅ ስሰጠው ደግሞ ወደ ታች ወረደ። ሴንሰሩ ከ10 እስከ 180 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) የሚሠራ፣ ማለትም ግፊት ሲጨምር ኦሙ የሚጨምር ሲሆን፣ ጌጁ የተሠራው ከ240 ወደ 33 ኦም ለሚቀንሰው ዓይነት ነበር። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ካርቶን የታሸጉ አድርጎ መግዛት ወይም ኦሙን አስነብቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ልኬቱም እስከ 7 ወይም እስከ 10 ባር ቢሆን ይመረጣል፤ እስከ 5 ባር ብቻ የሚለካው ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጥግ ሊነካ ይችላል።

ጩኸት የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ከመብራቷ ስዊች ከፍ ባለ ግፊት፣ ለምሳሌ በ1 ባር፣ የሚነቃ ስዊችና አንድ ቡዘር ናቸው። ሆኖም ሞተሩ ሲግል ግፊቱ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ መለካት አለበት። ለ5ኤል መመሪያው በሚኒሞ የሚጠይቀው 29 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 0.3 ባር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያረጀ ሞተር ላይ የ1 ባር ስዊች በየትራፊክ መብራቱ ሊጮህ ይችላል፤ ሹፌሩም በሁለተኛው ቀን ሽቦውን ይነቅለዋል። ግፊት ሲወርድ ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋውን ዓይነት ግን ለሰው ማመላለሻ አልመክርም፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑና የመሪው አጋዥ ኃይልም አብሮ ይደክማል።

መኪናውን ራሱ የሚነዳ ሰው ጌጅ ቢገዛ ይጠቀማል፤ የመርፌውን የዘወትር ቦታ ስለሚያውቀው ትንሽ ዝቅታ እንኳ አታመልጠውም። መኪናውን ለሹፌር ሰጥቶ ማታ ገቢ የሚቀበል ባለቤት ግን መጀመሪያ ቡዘሩን ይግዛ፤ ረዳቱ እየተጣራ፣ ከፊት ትራፊክ ቆሞ መርፌ የሚያይ ሹፌር ጥቂት ነው፣ ጩኸቱን ግን ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማዋል።

የትኛውም ቢመረጥ የነባሩ ስዊች ቦታ ላይ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አስገብቶ ቀይዋን መብራት እንዳለች ማቆየት ይገባል። የጃፓን መኪና ቀዳዳ በኢንች 28 ጥርስ ያለው ሲሆን፣ በገበያ የሚገኙት ብዙዎቹ ሴንሰሮች የአሜሪካው 27 ጥርስ ናቸው፤ በእጅ ጥቂት ዙር ገብቶ የሚጠብቅ ከሆነ በቁልፍ ከማስገደድ በፊት አስማሚ መፈለግ ይሻላል። ከባዱ ሴንሰር በቀጥታ ሞተሩ ላይ ሲንጠለጠል ንዝረቱ አንገቱን ስለሚሰብረው በአጭር የግፊት ቱቦ ወደ ሻንሲው አርቆ ማሰር፣ ለአካሉም የራሱን የኔጌቲቭ ሽቦ መስጠት ያስፈልጋል።