ዓመቱና አልፋው ያልተጻፈበት ርካሽ ማግነም ሆፕ እንዳትገዙ

በውጭ አገር ሆናችሁ ቤታችሁ ቢራ የምትጠምቁ ወገኖች፣ ኢንተርኔት ላይ «ማግነም፣ አንድ ኪሎ፣ በግማሽ ዋጋ» የሚል ሆፕ (ቢራውን መራራ የሚያደርገው የተክል አበባ) ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። በተለይ በሚያሳይ ላስቲክ ታስሮ፣ የመከሩ ዓመት ሳይጻፍበት፣ «አልፋ አሲድ ከ11 እስከ 16 በመቶ» የሚል ወረቀት ብቻ ተለጥፎበት ከሆነ።

አልፋ አሲድ ሆፑ ውስጥ ያለ፣ ሲፈላ ለቢራው መራራነት የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው፤ ማታለያው ያ ቁጥር ነው። ከ11 እስከ 16 በመቶ የማግነም ዝርያ በጠቅላላው የሚሰጠው መጠን እንጂ እናንተ የገዛችሁት ከረጢት ተመርምሮ የተገኘ ውጤት አይደለም። ደህና ነጋዴ የመከሩን ዓመትና አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይጽፋል፤ ለምሳሌ 12.6። «የታሸገበት ቀን» የሚለውም አያታልላችሁ፤ ሦስት ዓመት መጋዘን የከረመ ሆፕ ትናንት ሊታሸግ ይችላል። ጠይቁ። ነጋዴው መልስ ከሌለው እለፉት።

መራራ ሆፕ በኪሎ ሳይሆን በአልፋው ነው የሚገዛው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ግራሙ ሲባዛ በአልፋው ፐርሰንት፣ ሲባዛ ከአልፋው ወደ ቢራው በሚገባው ድርሻ፣ ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለሊትሩ። ጥግግቱ 1.050 ለሆነና 60 ደቂቃ ለሚፈላ ዎርት (ገና ቢራ ያልሆነው የብቅል ፈሳሽ) ድርሻው 0.23 ገደማ ነው። ስለዚህ አልፋው 12 የሆነ 25 ግራም ሆፕ ለ20 ሊትር 34 አይቢዩ (የቢራ መራራነት መለኪያ) ያህል ይሰጣል። አልፋው ወርዶ 6 ከደረሰ ግን 17 ብቻ፤ የብቅሉ ጣፋጭነት የሚበዛበት ቢራ ይወጣል። «ግማሽ ዋጋ» የተባለው እንግዲህ ምንም ቅናሽ አልነበረውም።

እጥፍ በመጨመር ይካካሳል የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ስንት እጥፍ? ትክክለኛው አልፋ ካልታወቀ ግምት ነው። ቅጠሉ በበዛ ቁጥር ደግሞ ቢራው ሣር ሣር ይላል፣ አተላው ብዙ ቢራ ይዞ ይቀራል፣ የተበላሸው ሆፕ ሽታም አብሮ ሊገባ ይችላል።

ከረጢቱ እጃችሁ ከገባ አንድ ፔሌት (ተፈጭቶ የተጨመቀ የሆፕ እንክብል) በጣታችሁ ፍርክስክስ አድርጉት። ደህናው አረንጓዴ ነው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ቡናማ ከሆነና የከረመ አይብ ከሸተተ አየርና ሙቀት በልቶታል። ለማረጋገጥ አልፋው ከሚታወቅ ሆፕ 1 ግራም፣ ከተጠራጠራችሁት 1 ግራም፣ እያንዳንዱን በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍልታችሁ ጎን ለጎን ቅመሱ። ማግነም ከብዙዎቹ ዝርያዎች የተሻለ የሚቆይ ነው፤ እሱ እንዲህ ከሆነ አያያዙ በጣም መጥፎ ነበር ማለት ነው። ኮሎምበስ የሚባለው ሌላው የሆፕ ዝርያ ቢሆን በክፍል ሙቀት በስድስት ወር ውስጥ ግማሽ ያህል አልፋውን ያጣል። ፎቶ አንሱና ገንዘባችሁን አስመልሱ።

ኪሎ መግዛቱ ራሱ ለቤት ጠማቂ አይሆንም። በ25 ግራም ሒሳብ 40 ጊዜ ይጠመቅበታል፤ እስኪያልቅ ያረጃል። አየሩ ወጥቶ በፎይል የታሸገ 100 ግራም ግዙ፤ የተረፈውን አየር አስወጥታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ።

አዲስ አበባ ለምትጠምቁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ነጋዴውን ከመውቀሳችሁ በፊት የምትጠምቁበትን ከፍታ አስቡ። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚህ ሙቀት አልፋው ወደ መራራነት የሚለወጥበት ፍጥነት በ100 ዲግሪ ከሚሆነው ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ 0.23 ለእናንተ አይሠራም። ፈላውን ወደ 90 ደቂቃ አስረዝሙና የሆፑን ግራም ከፍ አድርጉ። ፔሌቱን ስትጨምሩ እሳቱን ቀንሱ፣ አረፋው ገንፍሎ ይወጣልና።

«የኢትዮጵያ ሆፕ» እየተባለ በውጭ የሚሸጠው ደግሞ ጌሾ ነው። ለጠላና ለጠጅ የሚስተካከለው የለም፤ ግን አልፋ አሲድ የለውም፣ መራራነቱ ከሌላ ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው። ከላይ ያለው ሒሳብ አይሠራበትም፤ ማስታወቂያው ላይ ለጌሾ የአልፋ ፐርሰንት ተጽፎ ካያችሁ ሻጩ የሚሸጠውን አያውቅም ወይም እየዋሸ ነው፤ ከእሱ ሌላም ነገር አትግዙ።