ሳብሎን ውስጥ የሌጋ ቅርጾች ያሉባት ጋለሪ

ብራስልስ፣ ሳብሎን አካባቢ የአፍሪካ ቅርስ የሚሸጡ ጋለሪዎች ብዙ ናቸው። እኔ ስለ አንዷ ልጻፍ፤ ጠባብ ናት፣ ደወል ተጭኖ ነው የሚገባው። የሌጋን ቅርጽ ቀርቦ ለማየት ከሆነ ሂዱ እላለሁ። ለመግዛት ከሆነ ግን ቆዩ።

ሌጋዎች ምሥራቅ ኮንጎ፣ ደቡብ ኪቩና ማኒዬማ ጫካ ውስጥ ያሉ ሕዝብ ናቸው። ብዋሚ የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ ወንድም ሴትም ገብቶ በየማዕረጉ ከፍ ይልበታል። የወንዶቹ የመጨረሻ ማዕረግ ኪንዲ ነው፤ ሚስቱ አብራው ካላደገች ባልየው እዚያ አይደርስም። ትምህርቱ የሚሰጠው በዘፈን፣ በጭፈራ፣ በምሳሌያዊ አነጋገርና በእነዚህ በእጅ በሚያዙ ቅርጾች ነው።

የጋለሪዋ ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ደስ ያሰኙኝም እሳቸው ናቸው። ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት አንድ ብዙ ፊት ያለው የእንጨት ቅርጽ አስያዙኝ። ሳኪማትዌማትዌ ይባላል፤ ከታላቁ ወንዝ ማዶ ዝሆን ያየ ባለብዙ ራስ። ሁሉንም አቅጣጫ አይቶ የሚፈርድ ሰው ማለት ነው። ቀጥለው ሆዷ የገፋ ሴት አሳዩኝ፤ ዋይንዳ ናት፣ አርግዛ ሳለ ከሌላ ወንድ ሄዳ በልጇ ላይ ጣጣ ያመጣች። እጆቹን ወደ ላይ የዘረጋው ካሱንጋላላ ደግሞ አስታራቂ ነው። ያው ቅርጽ በሌላ መምህር እጅ ሌላ ምሳሌ ሊነገርበት እንደሚችልም አልደበቁኝም። ስንቱ ሻጭ "የመራባት ጣዖት" ብሎ ይገላገላል!

አቀማመጡ ላይ ቅር ብሎኛል። ሉክዋኮንጎ የሚባሉትን የቃጫ ጢም ያላቸው ትንንሽ ጭምብሎች በሰው ፊት ቁመት ግድግዳ ላይ ሰቅለው ኃይለኛ መብራት ለቀውባቸዋል። እነዚህ እኮ ፊት ላይ ብቻ የሚደረጉ አይደሉም፤ በእጅ ይያዛሉ፣ ክንድ ላይ ይታሰራሉ፣ አጥር ላይ ይደረደራሉ፣ ጢማቸው ተይዞ መሬት ለመሬት ይጎተታሉ። ጎብኚ ይህን ሳያውቅ ይወጣል።

ሳልገዛ የወጣሁት ግን በሰነዱ ምክንያት ነው። የቤልጂየም ቅኝ ገዢ መንግሥት ብዋሚን እ.ኤ.አ. በ1948 አግዷል። ቅርጾቹ ባለቤታቸው ሲሞት ለተተኪው የሚተላለፉ ነበሩ። ታዲያ የወደድኩት ቅርጽ ከማን እጅ፣ እንዴት ወጣ? ወረቀቱ "የቀድሞ የቤልጂየም ስብስብ" ይላል፣ ሌላ የለውም። ለዝሆን ጥርሶቹ ሕጉ ስለሚያስገድድ የተሟላ ፈቃድ አላቸው፤ ለእንጨቶቹ የሚጠይቅ የለም። እኔ ጠይቄያለሁ፤ እናንተም ስትሄዱ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ከየትኛው መንደርና በየትኛው ዓመት እንደወጣ ጠይቁ።