ባጃጃችን ከጋራዥ ተሰርቆ ካሳችንን ላስገኘችልን ጠበቃ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የጅማ ሰዎች። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻው 100 ሺህ ብር ሂሳቤ ውስጥ ገባ። መልእክቱን ለወንድሜ አሳየሁት፤ ሁለታችንም አለቀስን። ስለዚህች ሴት ሳልናገር ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች፣ ቃሏን አከብራለሁ። ጅማ ውስጥ የምትሠራ ጠበቃ ናት።

ባጃጁን የገዛሁት በ2011 ዓ.ም. በእቁብ ብር ነው፣ በ135 ሺህ። የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የሁለት ልጆቼ ትምህርት ቤትም የቤት ኪራዩም የሚወጣው ከዚያው ነበር። ባለፈው ጥቅምት ዘይት መብላትና ማጨስ ሲጀምር ወንድሜ ጋራዥ አስገባው። ጋራዡን አልጠራም፤ ባለቤቱ የተስማማነውን እስከ መጨረሻዋ ብር ከፍሏል። ፒስተኑ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሞተሩ ገና አልተፈታም። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ወንድሜ ሊጠይቅ ቢሄድ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ባጃጁ የለም። ቁልፉ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ያድር ነበር፤ ዘበኛውም በዚያ ሌሊት ቤቱ ሄዶ ነበር።

ለፖሊስ አመለከትን። የጋራዡ ባለቤት መጀመሪያ «እኔም ተሰርቄያለሁ፣ ምን ላድርግ» አለ። ግድግዳው ላይ ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም የሚል ጽሑፍ ነበር፣ እሱን በጣቱ እያሳየ። ሰው ሲያስታርቀን ቆይቶ ደግሞ የገዛሽበትን 135 ሺህ ልስጥሽ አለኝ። እኔ በንዴት 500 ሺህ ካላመጣ ብዬ ነበር። በዚህ መሐል ነው አንዲት ጎረቤቴ ወደ ጠበቃዋ የወሰደችኝ።

ገና ስቀመጥ የጠየቀችኝ «ሊብሬው በስምዎ ነው?» ብላ ነው። በስሜ ነው አልኳት። ትንፋሿን ለቀቅ አደረገች። ስም ሳያዞሩ በውክልና ብቻ እየነዱ ችግር ሲመጣ ባለመብት መሆናቸውን ማስረዳት የሚያቅታቸው ብዙ ደንበኞች እንዳሏት ነገረችኝ። ቀጥሎ የጋራዡን ወረቀት ጠየቀች። ወረቀት ሲባል ከደብተር የተቀደደ ገጽ ነው፤ ቀኑ፣ የታርጋው ቁጥር፣ «ሞተር ይፈታል፣ ቀብድ 3,000 ብር» ይላል፤ ከሥሩ የባለቤቱ ፊርማ። ወንድሜ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ረስቶት እናቴ ልታጥበው ስትል ነው ያገኘችው፤ አንዱ ጥግ እርሶ ቀለሙ ፈዟል። ጠበቃዋ በሁለት እጇ ይዛ መስኮት ጋ ወስዳ አነበበችውና በፕላስቲክ ማህደር ከተተችው። ቀብዱ በቴሌብር ስለተከፈለ መልእክቱንም ከወንድሜ ስልክ አሳተመችው። ያን ዕለት ሳልጠራጠር ተማመንኩባት።

ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ተስፋ ሳደርግ ነበር። እሱ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ የሆነው ባጃጁ ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው፣ ለስርቆት አይከፍልም። ለዚያ ሙሉ ኢንሹራንስ ያስፈልግ ነበር፣ እኔ ደግሞ የለኝም። በዚያኑ ሳምንት በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ የባጃጁ ፋይል ላይ እገዳ እንዲገባ ማመልከቻ ጻፈችልን፣ ማንም ስም ሊያዞር እንዳይችል።

ስለ ጋራዡ ግዴታ ያስረዳችኝ በቀላል ቋንቋ ነው። ንብረት ለጥገና ሲረከብ አብሮ ይጠብቃል፣ እንዳለ የመመለስ ግዴታም አለበት። ከአቅም በላይ ነው ለማለት በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1792 መሠረት ድርጊቱ አስቀድሞ ሊገመት የማይችል መሆን አለበት። ቁልፍ ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ ዘበኛ ቤቱ እየሄደ፣ ሌባ ይመጣል ብዬ አልገመትኩም ማለት አይቻልም አለችኝ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍም ጥፋተኛን ነፃ አያወጣም። የሕጉን ቁጥር 1772 ጠቅሳ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ጻፈች። እዚህ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅታ ለእኔ መስመር በመስመር በአማርኛ አነበበችልኝ። ያልገባኝን ቃል ሦስት ጊዜ ብጠይቃትም ፊቷ አልተለወጠም።

የማልረሳው ግን የሒሳቡ ቀን ነው። እኔ 500 ሺህ ነበር ያሰብኩት። ራሷ ባጃጅ የሚሸጡ ሦስት ሰዎችን ጠይቃ፣ አንድ መካኒክ ደግሞ የግምት ወረቀት ጽፎላት፣ የዚያ ዓመት ባጃጅ በጤናው 355 ሺህ እንደሚያወጣ አሳየችኝ። ከዚያ «ሞተሩ ግን የታመመ ነበር» አለችና ለጥገና ያስፈልግ የነበረውን 15 ሺህ ቀነሰች። 340 ሺህ። ወደ ጠፋው ገቢ ስንመጣ ወንድሜ የቀን ገቢውን የሚመዘግብባትን ትንሽ ደብተር ጠየቀች። በአማካይ 700 ብር ነበር፤ ቤንዚንና ዘይት 250 ሲነሳ 450 ይቀራል። እስከ ድርድሩ 90 ቀን ሆኖ ነበር። እኔ በ90 ላባዛ ስል እስክሪብቶዬን በቀስታ ያዘችው። ባይሰረቅም ጥገና ላይ የሚቆምባቸውን 10 ቀናት አወጣች፣ ወንድሜ የማይሠራባቸውን 12 እሁዶች አወጣች፣ በደብተሩ ላይ ቤንዚን የለም እያለ የጻፈባቸውን ዓይነት ቀናት አስባ 8 አወጣች። 60 ቀን፣ 27 ሺህ ብር። ቀብዷን 3 ሺህ ስትጨምር 370 ሺህ። «ይህን ማንም ፊት አስረዳለሁ፣ 500ውን ግን አላስረዳም» አለችኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ጠበቃ ደንበኛዋን ለማስደሰት ቁጥር ስትጨምር እንጂ ስትቀንስ አይቼ አላውቅም። ክፍያዋም በካሳው መጠን እንዳይሆን በቁርጥ ተዋውላኝ ነበር፤ ለካ ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያው ከደረሰው በኋላ የጋራዡ ባለቤት ሽማግሌ ላከ። ጠበቃዋ እርቁን አልጠላችውም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ ጊዜ ይወስዳል፣ እሱም ቤተሰብ ያለው ሰው ነው አለች። ሂርማታ አካባቢ በአንድ አባወራ ቤት፣ ቡናው እየተፈላ፣ ሦስት ሽማግሌዎችና የባጃጅ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ባሉበት ወረቀቷን ዘረጋች። ባለቤቱ የቀነሰቻቸውን ቁጥሮች ሲያይ ነው የለዘበው። ልትዘርፈው እንዳልመጣች ገባው መሰለኝ። በሽማግሌዎቹ ልመና በ350 ሺህ ተስማማን፤ 150 ሺህ ያኔውኑ፣ ቀሪው በሁለት ጊዜ 100፣ 100 ሺህ። በእርቅ ውሉ ላይ ባጃጁ ወደፊት ከተገኘ ለእሱ እንደሚሆን አስገባች። እኔ ከጭንቀቴ ብዛት ያላሰብኩትን ለእሱም አሰበችለት። የእርቅ ውል በሁለታችን መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ እንደሚቆጠርም ለሁለታችንም አስረዳች፣ ፊርማው የዚያን ቀን ተፈረመ።

ወንድሜ አሁን ያገለገለ ባጃጅ ገዝቶ ወጥቷል። ግምቱን በነፃ የጻፈልን መካኒክ፣ ሌቦቹን ፍለጋ ሰርቦና አጋሮ ድረስ የተጠያየቃችሁ የማኅበሩ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ እናቴ በየቀኑ ስምሽን በጸሎት ታነሳለች።

ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ ስልኳን እልካለሁ። ስትሄዱ ሊብሬውን፣ ጋራዡ የጻፈላችሁን ማንኛውንም ብጣሽ ወረቀት፣ የክፍያ መልእክታችሁንና የገቢ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፣ ጠዋት ጠዋት ችሎት ላይ ናት።