ስፌት ክፍሌ ውስጥ ስልክ ጮኸ፦ ኔትወርክ ከቀየርኩ ከስምንት ወር በኋላ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ "ቤቴ ኔትወርክ አይገባም፤ ልቀይር ወይስ ልቻለው?" ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ ቃል የሚመለስ አልሆነም። ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

የምኖረው ቡራዩ ነው። ከአስኮ ወጥታችሁ አሸዋ ሜዳን ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ከአምቦ መንገድ ወደ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ነው። ቤታችን ተዳፋት ላይ ነው፤ ከጀርባው ኮረብታ አለ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት። ልብስ እሰፋለሁ፦ የሀበሻ ቀሚስ፣ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የመጣውን ሁሉ። የስፌት ክፍሌ ከቤቱ ጀርባ፣ ኮረብታው ሥር ነው። ቀኔን ሙሉ የማሳልፈው እዚያ ነው።

የድርጅቶቹን ስም አልጠራም። እኔ ቤት አልገባ ያለው ኔትወርክ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ቤት ጥርት ብሎ ይሠራል። ስም ብጠራ አንዱን ያለ ጥፋቱ አሰድበዋለሁ።

እንድቀይር ያደረገኝ አንድ ቀን ነው። ጥቅምት 2017 ነበር። የልጄ አባት ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ልጄን አንደኛ ክፍል አስገብቻት ገና ወር ከምናምን ነው። ጠዋት ደህና ሆና ሄደች። እኔ ለሠርግ የታዘዘ ቀሚስ ይዤ ማሽኔ ላይ ተተከልኩ። ስልኬ አጠገቤ፣ የክር ሳጥኑ ላይ ነበር። አንዴም አልጮኸም። እንዲያውም ዛሬ ማንም አልረበሸኝም ብዬ ደስ ብሎኛል።

ሰባት ሰዓት ላይ ነጭ ክር አለቀብኝና ወደ ሱቅ ወጣሁ። ከግቢው በር ትንሽ እልፍ እንዳልኩ ስልኬ ተንጫጫ። መልእክት በመልእክት ላይ። ስድስት ጊዜ ተደውሎልኝ ነበር፣ ሁሉም ከትምህርት ቤት። የመጀመሪያው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ክው አልኩ። ክሩንም ረስቼ በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ልጄ የጥበቃው ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ሰውነቷ እሳት ነው። አባባ ጥበቃው ጋቢያቸውን አውልቀው እስከ አገጯ ድረስ ጠቅልለዋታል። እሳቸው በሸሚዝ ቆመዋል። "ደወልንልሽ ልጄ፣ አይገኝም ይላል" አሉኝ። ልጄ ደግሞ ቀና ብላ "እማዬ፣ ስልክሽን ዘጋሽው?" አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ። አልዘጋሁትም። አጠገቤ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ነበር።

የቶንሲል ትኩሳት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተሻላት። እኔ ግን ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ በፊት ኔትወርኩ ደካማ መሆኑን አላውቅም ነበር ማለት አይደለም። ሳወራ ይቆራረጣል፤ ወጥቼ የውሃ ታንከሩ አጠገብ እቆማለሁ። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላ ይዤ እቆማለሁ። የዳር ከተማ ኑሮ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። የማልሰማው ጥሪ እንዳለ ግን አስቤ አላውቅም። መቆራረጡን ትሰሙታላችሁ፤ ያልገባ ጥሪ ግን ድምፅ የለውም።

በነጋታው ሲም ወደሚሸጡት ልጆች ሄድኩ። አስፋልቱ ዳር ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው "እህቴ፣ ሲም ላውጣልሽ?" የሚሉት ናቸው። የሚሸጡት ኔትወርክ ቤቴ ይገባ እንደሆነ አንዱን ጠየቅሁት። "እህቴ፣ አዲስ አበባ አጠገብ ሆነሽ እንዴት አይገባም? ይኸው ፉል ነው" ብሎ የራሱን ስልክ አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ፉል ነበር። ግን እሱ የተቀመጠው አስፋልት ዳር፣ ሜዳ ላይ ነው። እኔ የምሠራው ቆርቆሮ ሥር፣ ኮረብታ ተደግፌ ነው። ልጁ አልዋሸኝም፤ ቤቴን ግን አያውቀውም። ስምንት ወር ሙሉ በሐሳቤ ከዚህ ልጅ ጋር ስከራከር ነው የከረምኩት። ወንድሜ፣ አንተ የምትሸጥልኝ ያንተን ጃንጥላ ሥር ያለውን ኔትወርክ ነው። እኔ የምፈልገው የክር ሳጥኔ ላይ ያለውን ነው።

ስለዚህ ሳልገዛ ተመለስኩ። መፍትሔው የመጣው ከቡና ላይ ነው። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ቡና አጣጪዬ ናት። የሌላውን ድርጅት ሲም ነው የምትይዘው። ጉዳዩን ስነግራት ከጆሮዋ ጉትቻዋን አወለቀች፤ በጉትቻዋ ጫፍ ከስልኳ ሲሙን አውጥታ ሰጠችኝ። "በይ ውሰጂና ቤትሽ ሞክሪው፤ ሁለተኛው እስኪፈላ መልሺው" አለችኝ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኼ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሰው ሲም ተውሳችሁ ራሳችሁ ቤት ሞክሩ። ስትሞክሩ ደግሞ ስልኩ አናት ላይ ያሉትን ዘንጎች አትመኑ። ስንት ዘንግ እንደሚያሳይ የሚወስነው ስልኩን የሠራው ፋብሪካ ነው። በአንዱ ስልክ ሦስት ዘንግ የሆነው በሌላው ሁለት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን እዩ። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ "አባውት ፎን" ትገባላችሁ፣ ከዚያ "ሲም ስታተስ"። "ሲግናል ስትሬንግዝ" ከሚለው ጋር የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር አለ፤ ዲቢኤም ይሉታል። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። 4ጂ ላይ ሆናችሁ፣ የመቀነስ ምልክቱን ትታችሁ ከ90 በታች ካነበባችሁ ደህና ነው፤ 115 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጣር ላይ ነው። ሁለት ሲም ስታወዳድሩ ሁለቱም 4ጂ ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ የ2ጂ ቁጥር ከ4ጂ ቁጥር ጋር አይወዳደርም።

የራሴ ሲም የክር ሳጥኑ ላይ ከዜሮ በታች 119 አነበበ። የጎረቤቴ ሲም በዚያው ስልክ፣ እዚያው ቦታ፣ 98። ልዩነቱ ሃያ አንድ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። በዚህ አቆጣጠር አሥር ቁጥር ማለት አሥር እጥፍ ነው፤ ሃያ ማለት መቶ እጥፍ። የእሷ ሲም ከእኔው መቶ እጥፍ በላይ ጠንከር ያለ ምልክት ያገኝ ነበር። ቤቱ አንድ፣ ስልኩ አንድ፣ ደቂቃዎቹ ብቻ የተለያዩ።

ይህን ያህል ልዩነት ለምን ይመጣል? አንደኛ ታወሩ የት ቆሟል ነው። የአንዱ ታወር ከኮረብታው ማዶ ከሆነ ኮረብታው ይጋርደዋል፤ የሌላው ፊት ለፊት ከሆነ በመስኮት ይገባል። ሁለተኛ ቆርቆሮና ብረት ምልክቱን ይመልሱታል፤ ብሎኬትም ያዳክመዋል። ሦስተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ምልክቱ የሚመጣበት የሬዲዮ ሞገድ ዓይነት ማለት ነው፣ በሜጋኸርዝ ይለካል። 800 እና 900 ሜጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ግድግዳም የተሻለ ያልፋል። 1800ም 2100ም 2600ም ብዙ ዳታ ለመሸከም ይመቻሉ፤ ርቀትና ግድግዳ ላይ ግን ይደክማሉ። ስልኩም ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ስልኮች እዚህ የሚሠራባቸውን ፍሪኩዌንሲዎች ሁሉ አይዙም። ዘመድ የላከላችሁ ስልክ ከሆነ፣ ድርጅቱን ከመውቀሳችሁ በፊት በሌላ ስልክ ሞክሩ።

ሁለተኛው ቡና ሳይፈላ ሲሙን መለስኩላት። የእኔን ሲም ደግሞ እሷ ቤት ሞከርነው። 88! ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አይሆንም ርቀቱ። እሷ ቤት የእኔው ከራሷው ይበልጣል። እዚያው ተያየን። ስም አልጠራም ያልኩት ለዚህ ነው።

በዚያው ሳምንት መታወቂያዬን ይዤ፣ ፎቶ ተነስቼ አዲሱን ሲም አወጣሁ። ምርጫ መኖሩ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ለብዙ ዓመት አገሩ የነበረው አንድ ድርጅት ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 2015 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ነው "ልቀይር ወይ?" የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያገኘው። ሰው ግን እስካሁን ኔትወርክን እንደ አየር ጠባይ ነው የሚያየው። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ምን ይደረጋል ይላል። ይደረጋል! ቢያንስ አሁን ይደረጋል።

ከዚያ ወዲህ ስፌት ክፍሌ ውስጥ ስልክ ይጮኻል። መጀመሪያ የጮኸ ቀን ደንግጬ መርፌዬን ሰብሬአለሁ። የታንከሩ አጠገብ መቆም ቀረ። ስለ ዳታውም ስለ ዋጋውም የምለው ብዙ የለም፤ ማታ ማታ ይንቀራፈፋል፣ ሌላው ጊዜ ደህና ነው።

ያልጠበቅሁት ችግር የባትሪው ነው። ሁለቱንም ሲም አንድ ስልክ ውስጥ ከትቼ ነበር። ስልኬ እንደ ብረት ምጣድ ይግል ጀመር፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ባትሪው ያልቃል። አዲሱ ሲም ነው ያበላሸው ብዬ ሳማርር ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ የአሮጌው ነው። ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ስልክ ታወር ሲፈልግ፣ ሲያገኝም እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጮኽ ይውላል፤ ባትሪውን የሚጨርሰው ይኼ ጩኸት ነው። አሮጌውን ሲም አውጥቼ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ውስጥ ከተትኩት። ስልኳን በፌስታል አድርጌ በፊት ለፊቱ መስኮት ብረት ላይ ሰቀልኳት፤ ምልክት የሚደርሰው እዚያ ነው። ስትጮኽ እሮጣለሁ። ትልቁ ስልክ አሁን እስከ ማታ ይቆያል።

ለምን አሮጌውን ጨርሰሽ አትጥይውም ትሉኝ ይሆናል። ባሌም ይኼንኑ ይላል። ቁጥሬ ነዋ! አዲሱን ሲም ሳወጣ ቁጥሩም አዲስ ሆነ። ሦስት ዓመት የሰፋሁላቸው ሰዎች ያን ቁጥር ይዘዋል። ባንኬ የሚልክልኝ ኮድ በዚያ ይመጣል። የዕቁባችን ጸሐፊ በዚያ ትደውላለች። ለሁሉም አዲሱን ቁጥር ልኬአለሁ፤ ሰው ግን የለመደውን ነው የሚደውለው። ባለፈው ግንቦት የስድስት ዩኒፎርም ሥራ አመለጠኝ፤ መስኮቱ ላይ ስትጮኽ እኔ ገበያ ነበርኩ። ይኼ ያናድደኛል። መቀየር ማለት ሲም መግዛት ብቻ ይመስላቸዋል የሚሸጡት። ቁጥር የሰው ኑሮ ነው። ይህን ጃንጥላ ሥር ማንም አይነግራችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። መብራት ሲጠፋ አዲሱም አይችልም። የመጀመሪያውን ሰዓት ይቆያል። መብራቱ ሳይመጣ ብዙ ከቆየ የታወሩ ባትሪ ያልቃል መሰለኝ፣ ኔትወርኩ አብሮ ይሄዳል። የዘንድሮ ሰኔ ዝናብ ይዞት በመጣው ጨለማ ሁለት ማታ እንዲህ ሆኗል። በአንደኛው ማታ መስኮቱ ላይ ያለችው ትንሿ ስልክ ነበረች የሠራችው። እንዲህ ዓይነቱን ቀን ሳይ ሁለቱንም መያዜን አልጠላውም።

ታዲያ ተቆጭቻለሁ? በፍጹም። ዛሬም ቢሆን እቀይራለሁ። የምቆጨው አንድ ዓመት ሙሉ ታንከር አጠገብ በመቆሜ ነው። ማንም ሻጭ መጥቶ የአሮጌው ድርጅት ሽፋን ሰፍቷል፣ ካርታው ላይ ቡራዩ ቀለም ተቀብቷል ቢለኝ፣ የክር ሳጥኔን አምጥቼ አጠገቡ አስቀምጣለሁ። ስልኩን እዚህ አስቀምጥና ቁጥሩን አንብብልኝ እለዋለሁ። ከመቶ በታች ካነበበልኝ ነገውኑ እመለሳለሁ።

ለዚያች ደንበኛዬም የነገርኳት ይኼንኑ ነው። አዲሱን ሲሜን አውጥቼ ሰጠኋት፤ ቤቷ ወስዳ የምትተኛበትና ምግብ የምታበስልበት ቦታ ሞክራ ማታ መለሰችልኝ። እሷ ቤት 109 ነበር። የራሷው 104። አትቀይሪ አልኳት።

የልጄ ትምህርት ቤት አዲሱን ቁጥር የያዘው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነው። ሄጄ በዓይኔ እያየሁ ነው ያስጻፍኩት፤ ለአባባ ጥበቃውም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ባለፈው ማክሰኞ ደወሉልኝ። ማሽኑ ላይ ነበርኩ፤ እግሬን ከፔዳሉ ሳላነሳ አነሳሁት። ምሳ ዕቃዋን ረስታ ሄዳለች። ክዳኑን አጥብቄ ይዤላት ወጣሁ።