ለጤና ባለሙያ ደመወዝ መጨመር ወይስ በሥራው ልክ መክፈል?

ሩዋንዳ በሥራ ልክ መክፈልን በተግባር ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች በሰጡት አገልግሎት ብዛትና ጥራት ልክ ይከፈላቸው ጀመር። ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ደግሞ ያንኑ ያህል ገንዘብ ያለ ቅድመ ሁኔታ አገኙ። ገንዘቡ እኩል ነው፤ ልዩነቱ አሰጣጡ ላይ ነው።

በሥራቸው ልክ በተከፈላቸው ዘንድ በጤና ተቋም መውለድ 23 በመቶ ጨመረ። በወቅቱ የሚመከሩትን አራት የእርግዝና ክትትሎች የሚጨርሱ እናቶች ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። አይገርምም። ለአንድ ወሊድ ከ4 ዶላር በላይ ሲከፈል፣ ለአንድ ክትትል የሚከፈለው ሳንቲም ነበር። ሰው ክፍያው ወዳለበት ያዘነብላል፤ ሐኪምም ሰው ነው።

ቋሚ ደመወዝ ይህ ጣጣ የለበትም። የማይቆጠረውንም ሥራ ያቅፋል፤ በሽተኛ ማጽናናት በየትኛው ፎርም ይሞላል? ችግሩ፣ የሚሠራውም የሚለግመውም እኩል ይወስዳሉ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ እኔ ደመወዙን አስቀድማለሁ። የዲዩቲ (የተረኝነት ትርፍ ሰዓት) ክፍያው ወራት የዘገየበት ነርስ ስለ ጉርሻ ቢነገረው ይስቃል። መጀመሪያ የቤት ኪራይ የሚችል ደመወዝ፣ ያውም በሰዓቱ። የውጤት ክፍያው ከዚያ ላይ ይጨመር፤ ለግለሰብ ሳይሆን ለቡድኑ። አለዚያ ዋርዱ ውስጥ ትርፉ ኩርፊያ ነው።