የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ፦ በአሲድ ወይስ በኤች ፒ ቪ?

እህቴ ከኮምቦልቻ ደውላ «30 ሞላኝ፣ የቱን ላድርግ?» አለችኝ። የነገርኳት ይህን ነው።

አሲዱ ርካሽና ፈጣን ነው። ባለሙያዋ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ነክራ የማህፀን በሩን ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ የነጣ፣ ችግር ሊኖርበት የሚችል ቦታ መኖሩን ታያለች። ውጤቱን እዚያው ትሰሚያለሽ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ በዚያው ቀን ልትታከሚም ትችያለሽ። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሀረጎን ዳገት ደጋግማ መውጣት መውረድ ለሚከብዳት ሴት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን በዓይን የሚታይ ስለሆነ የባለሙያዋን ልምድ ይፈልጋል፣ ላረጠች ሴትም ብዙ አይመከርም።

የኤች ፒ ቪ ምርመራው ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ ራሱን ነው የሚፈልገው፤ ከአሲዱ ይልቅ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። ናሙናውን ራስሽ መውሰድ ትችያለሽ፣ መታየት ለምታፍር ሴት ትልቅ እፎይታ ነው። ላብራቶሪ ስለሚፈልግ ወጪው ይጨምራል፣ ውጤቱም ሊቆይ ይችላል። ቫይረሱ ተገኘ ማለት ደግሞ ካንሰር ያዘሽ ማለት አይደለም፣ እባክሽ አትደንግጪ።

መመላለስ ካልቻልሽ አሲዱ። ደሴ ከሆንሽና ለውጤቱ መመለስ ካላስቸገረሽ፣ ካገኘሽው ኤች ፒ ቪው። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጥሽ በኋላ ደም ካየሽ ግን የቱን ልምረጥ አትበይ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።